በምራቴ ራስ ምታት እኔ ተኛሁ

ጥርስ ሲያም ጥርሱ ያማል። ሆድ ሲቆርጥ ሆዱ በሙሉ ይቆርጣል። ጉልበትም ቢሆን ተማክሮ ነው የሚያመው፤ የኔን ብትጠይቁ ግራው ከጀመረ ቀኙ ይከተላል፣ ልክ እንደ ባልና ሚስት። ራስ ግን ግማሹ ብቻ ሲያም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ወገን እየተፈለጠ ሌላው ወገን እንግዳ ይመስል ቁጭ ብሎ ሲያይ? እኔ አልሰማሁም ነበር። ምራቴ ትግስት ቤታችን እስክትገባ ድረስ።

ትግስት የልጄ የታሪኩ ሚስት ናት። ታሪኩ አይሱዙ ነው የሚነዳው፤ ቡና ጭኖ ከዲላ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዲላ። የሹፌር ሚስት ማለት እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ ባሏን በስልክ ያገባች ማለት ናት። ያመጣት ከቡሌ ሆራ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ገበያው ዳር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትውላለች። ዝምተኛ ናት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እሷ ዘንድ የገባ ወሬ አይነቅዝም፣ አይወጣምም። እኔ ደግሞ ይኸው እንደምታዩኝ ካላወራሁ መተንፈስ ያቅተኛል። ስለዚህ ተስማማን። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። እንደዚህ ያለ አማትና ምራት ዲላ ውስጥ ካለ እስቲ አምጡ።

ግቢያችን ከፊት ትልቁ ቤት አለ፣ የነታሪኩ። ከጀርባ፣ እንሰቱ መሃል፣ የኔ አንድ ክፍል ጎጆ አለች። የእንሰቱ ቅጠል ከላይ ስለገጠመ በቀትር እንኳ ፀሐይ አይገባባትም። ታሪኩ ሁልጊዜ ይጨቀጭቀኛል፤ ወደ ፊት ቤት ነይ፣ ሰው እናቱን ጓሮ ደበቀ ይለኛል ይላል። እኔ ግን ቦታዬን እወዳለሁ። ከመንገዱ ትርርር የሚለው ባጃጅ እዚያ ድረስ አይሰማም።

አሁን ስለ ሕመሟ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዓይኗ ጥግ ላይ አንድ ነገር ይብለጨለጭባታል። የብየዳ እሳት ይመስላል ትላለች፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው። ያኔ የመርፌው ቀዳዳ ይጠፋባታል። ትንሽ ቆይቶ ግራ ወገኗ እንደ ከበሮ መምታት ይጀምራል። ከዚያ ያስመልሳታል። ከዚያ በኋላ ብርሃን ጠላቷ ነው፣ ድምፅ ጠላቷ ነው፣ ሽታ ጠላቷ ነው። ነጠላ ጫማዬ መሬት ሲነካ ራሷን ይዛ ትቃትታለች። አንድ ቀን ጓዳ ሽንኩርት ስከትፍ ከመኝታዋ ጠራችኝና፣ እማዬ ሽንኩርቱ ይጮኽብኛል አለችኝ። ሽንኩርት ሲጮኽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅቷ አበደችብኝ ብዬ ቢላዋውን ጣልኩ።

ዝም ብዬ ግን አላየኋትም። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አሰርኩላት። ሎሚ አሸሁላት። ዳማከሴ ጨምቄ በአፍንጫዋ አደረግሁላት። ቅቤ አናቷ ላይ ጣል አደረግሁ። ቅቤው፣ ሎሚው፣ ቅጠሉ፤ ክትፎ ለመሆን ሚጥሚጣ ብቻ ነበር የቀራት። አላሻላትም። ሽታው ራሱ ሌላ በሽታ ሆነባት።

ግን ዋናው ችግር ይሄ አይደለም። ዋናው ችግር ጠያቂው ነው።

በኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ታምሜ ሳትጠይቀኝ የሚል ቂም ከመሬት ክርክር ይረዝማል። የመሬቱንስ ሽማግሌዎች ሶንጎ በምንለው ሸንጎ ተቀምጠው፣ ዛፍ ጥላ ስር ውለው አድረው ይፈቱታል። ይሄንን ግን ማን ይፈታዋል? ስለዚህ ትግስት ታመመች ሲባል ሰፈሩ ይነሳል። የመጣ ሁሉ ይገባል። የገባ ሁሉ ይቀመጣል። የተቀመጠ ሁሉ ያወራል። ስለ ምን የሚያወራ ይመስላችኋል? በራስ ምታት ስለሞተ ሰው። አንዱ፣ የኢዲዶ መንደሩ ሰውዬ እንዲሁ ራሴን ራሴን እንዳለ አይደል የቀረው ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ እሱስ ሁለት ቀን ቆየ፣ የኔ አጎት ምሳ እንኳ አልበላ ይላል። ትግስት ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና ትሰማለች።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ ፊታውራሪዋ ዘነቡ ናት። ሰዉ እትዬ ዘነቡ ይላታል፤ እኔ እኩያዋ ስለሆንኩ ዘነቡ እላታለሁ። ከሸዋ መጥታ ዲላ ያረጀች፣ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያላት፣ ደግ ሴት ናት። ሰው ሊታመም ገና ሲያስብ እሷ ነጠላዋን ታጣፋለች። ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ ከሁሉ በኋላ ትሄዳለች። ድምፅዋን ደግሞ እግዜር ያሳያችሁ። ገበያ መሃል ቆማ ብትጣራ ከከተማው ውጭ ጪጩ ያለ ሰው አቤት ይላል።

ትግስት ድምፅ እንደማትወድ ነገርኳት። ገባት። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣ ዝም በሉ ተብሏል፣ ድምፅ አትወድም ተብሏል እያለች ሰዉን ስትገስጽ ዋለች። ዝም በሉ የሚለው ድምፅ ከሁሉም በላይ ሆነ። ጨለማ ትወዳለች ብላት፣ ጨለማ ውስጥ የተኛን ሰው በሽታ ይለምደዋል ብላ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጸበልም ይዛ መጣች። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥራ አመጣች። የኛ ቸርች እህቶች ደግሞ ከበው ጸለዩላት፣ ጮክ ብለው። እኔም አማኝ ነኝ፤ አብሬ አሜን ብያለሁ። ግን በልቤ፣ ጌታ የሚሰማው በጩኸት ቢሆን የመናኸሪያ ወያላ ሁሉ በጸደቀ ነበር እያልኩ ነው።

በዚህ መሃል ስታስመልስ ታየች። በቃ። ጠዋት ገበያ ስወጣ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኝ ጀመር። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያማት ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ። ከዚያም ደግሞ። በሰፈሩ ወሬ ምራቴ የወለደቻቸው ልጆች አንድ ላይ ቢሰበሰቡ አንድ ትምህርት ቤት ይሞሉ ነበር። አንዷ ለክርስትና ጥሪኝ ብላ ተቀይማኛለች።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የልጅ ልጄ የሚሆን ለጋ ነው፤ ግን ጆሮ አለው፣ ጨርሳ እስክትናገር ጠበቃት። ማይግሬን ይባላል አለ። ዛር አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ ሰው ያደረገባት ነገር የለም። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል አለ። እኔ እንዲህ በቃል ብቻ አይገባኝም፤ ምን ይመስላል አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ እማማ የሁሉም ሰው አንጎል እንደ ግቢ ውሻ ነው አለኝ። የሌላው ሰው ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። የሷ ውሻ ግን ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል፣ ነፋስ ሲነፍስም ይጮኻል፣ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። ይሄ ገባኝ። ውሻውን መግደል አይቻልም፤ እንዳይደነግጥ ማድረግ ነው።

እንዴት? በሰዓቱ ትብላ አለ። ጾሟን ስፌት ላይ አትዋል። ተኝታ የምትነሳበት ሰዓት አይዛነፍ። ውሃ ትጠጣ። ቡና አታብዛ፣ ድንገትም አታቋርጥ። ዲላ ላይ ቡና አታብዢ መባሏን ስሰማ ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው ሰምቶን እንደሆን ብዬ። ደግሞ መድኃኒት ሰጣት፤ ያ ብልጭታ እንደጀመራት ወዲያው የምትውጠው። ይለፍልኝ ብላ እንዳትጠብቅ፣ ከበሮው ከተመታ በኋላ መድኃኒቱ ይዳከማል አላት። ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ ድንገት ከመጣ፣ ወይም ትኩሳት ካለው፣ ወይም እጇ ከዛለ፣ አንደበቷም ከተሳሰረ፣ ያኔ ሌላ ነገር ስለሚሆን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት አለኝ።

ከዚያ ከሱቅ እየገዛሽ ምን ትውጫለሽ አላት። ለካ በየቀኑ ማስታገሻ ትውጥ ኖሯል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። የራስ ምታት መድኃኒት ሲበዛ እሱ ራሱ ራስ ያሳምማል አለ። እኔ ሳቅኩ። ጉድ እኮ ነው፤ ዘበኛው ሌባ ሆነ ማለት ነው። ግን ወደ ቤት ስንመለስ ሳስበው ሳቄ ቆመ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንል የለ? እንግዲህ መድኃኒት ሲበዛ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ፣ የኛን ቤት መድኃኒት አስቡት፤ ሳሎኑ ሞልቶ በረንዳ ላይ የተረፈውን።

አንድ ነገር ረስቼ። ሲያማት ጨለማ ቤት ትተኛ፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ሽታ በሌለበት፣ ብቻዋን፣ ብሎ ነበር ሐኪሙ። ብቻዋን ሲል አስቆምኩት። ታማ? ዲላ ውስጥ? ብቻዋን? ልጄ የት አገር ነው የተማርከው አልኩት። ሳቀና፣ እማማ ይሄኛውን ፋርማሲ አታገኚውም፣ ከራስሽ ዘንድ ፈልጊው አለኝ።

ፈለግሁ። መጀመሪያ የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፍኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጠያቂው በሩ ላይ ተከማቸ። በር ዘግተዋል፣ ምን ቢሆኑ ነው ተባለ። ሰዉ ስለተሰበሰበ ሌላ ሰው ተሰበሰበ። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ በአጥር ዘሎ ገባ፣ ሞተን እንደሆን ሊያይ። በሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ትግስት አገሯ ሄዳለች አልኩ። እሺ ብለው ሄዱ። ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው መጡ። ሴት ልጅ ያለ ምክንያት ቤቷን ጥላ አትሄድም፣ ባሏ ምን አድርጓት ነው አሉኝ። ታሪኩ ጋ ደውለው ሞጆ ላይ አገኙት። ሚስትህን ምን አድርገህ ነው ሲሉት እሱም ለማያውቀው ጥፋት ይቅርታ ጠየቀ። መኪናውን አቁሞ ለትግስት ደወለ። ስልኳ ከራስጌዋ ጮኸ። ሄዳለች የተባለችው ልጅ ከውስጥ ውይ ስትል ሽማግሌዎቹ ሰሙ። እንግዲህ የኔን ፊት አታስቡት።

በሳምንቱ ትግስት ሻንጣ ስትሞላ አገኘኋት። ልብሶቿን እያጣጠፈች። ምንድን ነው አልኳት። ሳታየኝ መለሰችልኝ፤

"እማዬ፣ እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ደግ ነው። መታመም ብቻ አልቻልኩም። እናቴ ጋ ሄጄ ልታመም።"

እስኪሻልሽ ነው ወይ አልኳት። ሌላ ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ ጨመረች። የሷን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ። የስፌት መኪናዋን የሚገዛ ሰው እንዳጠያየቀች በኋላ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደዚያ ተከባ ካመማት፣ ሻንጣውን አንስታ በመጀመሪያው መኪና መሄዷ ነው። ሻንጣውን ከበሩ ጀርባ አቆመችው። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እሱን አያለሁ። ምራት ብቻ አይደለችም እኮ፤ ወሬዬን የሚሰማ ሰው ነው የሚሄድብኝ። ለእንሰቱ ላውራ?

አንድ ረፋድ ትግስት ግንባሯን ይዛ መጣች። ዓይኔ ጥግ ጀመረኝ አለች። ከኋላዋ፣ ከመንገዱ፣ የዘነቡ ድምፅ ይሰማኛል። ልጅቱ ዓይኗን ይዛ ስትሄድ አየኋት ትላለች፣ ኑ ትላለች፣ ሙዝ ያዢ ትላለች። ትግስትን በክንዷ ይዤ በጓሮ በር ወደኔ ጎጆ አስገባኋት። መድኃኒቷን አስዋጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት፣ ባልዲ ከአጠገቧ አስቀመጥኩ፣ በሩን ገጠም አደረግሁ። ወደ ትልቁ ቤት ስመለስ የግቢው በር ተከፈተ። ምን ልበላቸው? ሄዳለች የሚለው አልቋል። ሐሳብ ፈለግሁ፣ የለም። እግሬ ከራሴ ቀድሞ አሰበ መሰለኝ። ትግስት አልጋ ላይ ወጣሁ፣ ጋቢውን እስከ አገጬ ሳብኩ፣ ውይ አልኩ።

ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ፊቷ ሲበራ አየሁት። ክፉ ሆና አይደለም፤ አሮጊት ስትታመም ከወጣት ይልቅ ወግ አለው። አንቺን ነው እንዴ የያዘሽ አለችኝ። ጉልበቴን ነው አልኩ። ምራትሽስ ስትል፣ መድኃኒት ልትገዛልኝ ልኬያታለሁ አልኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ። በጉልበት ስለሞተ ሰው ማውራት ጀመሩ። ለካ አለ። የትግስት ስም ግን አልተነሳም፤ ማንም ወደ ጓሮ አላየም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ፣ ትግስት ፊቷን ታጥባ ወጣችና፣ እማዬ ራበኝ አለችኝ። በዕለቱ ተሽሏት አያውቅም ነበር፤ ቢያንስ አድሮባት ነበር የሚለቃት። ቆጮ በጎመን ሰጠኋት፣ በላች። ከዚያ ሻንጣውን ከበሩ ጀርባ ወደ አልጋው ስር ገፋችው። አልፈታችውም። ገፋ ብቻ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይሄ ሆነ። እሷን ሲያማት እኔ እተኛለሁ። መታመም ደግሞ ሙያ ነው፣ ዝም ብሎ መተኛት እንዳይመስላችሁ። በጣም ከታመማችሁ ተሸክመው ሐኪም ቤት ይወስዷችኋል። ትንሽ ከታመማችሁ ተነሺ ቡና አፍዪ ይሏችኋል። መሃሉን ማግኘት ነው ጥበቡ። ጉልበት ጥሩ በሽታ ነው፣ ማንም ገብቶ አያየውም። ወገብም ደህና ነው። ሆድ አይሆንም፤ አጥሚት ያጠጧችኋል፣ ያውም የየቤቱን። ልብ ግን በጭራሽ። ልብ ዘመድ ይሰበስባል።

ይህን እያወቅሁ አንድ ቀን ተሳሳትኩ። ጉልበትና ወገብ ስለተደጋገመብኝ፣ ዘነቡ ዛሬስ የቱ ነው ስትለኝ፣ ልቤ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የደነገጥኩት። ወዲያው ኮንጋ፣ ዘመዶቼ ዘንድ ተደወለ። የወንድሜ ልጅ ደምሴ ቡና ለቀማውን ጥሎ በሞተር ደረሰ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። የቸርች እህቶች መጡ። ቤቱ ሞላ። እኔም ጣራ ጣራውን እያየሁ ልሞት ጀመርኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ሌላ ነው። ለካ በየጊዜው አንድ ነገር ሲያስተውሉ ኖረዋል። እኔ በታመምኩ ቁጥር ትግስት የለችም። ውሃ አታቀብለኝም፣ ትራስ አታስተካክልልኝም። አሁን ልቧን ያመማት አማቷ እዚህ ተዘርራ እሷ የት ነው ያለችው ተባለ። አንዷ፣ ጓሮ ጎጆው ውስጥ ተኝታ በበሩ ቀዳዳ አየኋት አለች። ተኝታ? በጠራራ ቀን? አማቷ እየሞተች? ቤቱ ተንጫጫ። ደምሴ ተነስቶ፣ ይቺ ሴት አክስቴን በቁሟ ልትቀብራት ነው፣ ዛሬውኑ ኮንጋ ነው የምወስዳት አለ። ዘነቡ ነጠላዋን አጣፋች። እኔ ነኝ የምቀሰቅሳት፣ የሚገባትን እነግራታለሁ ብላ ወደ ጓሮው በር ሄደች።

እኔ የማውቀውን እነሱ አያውቁም። ትግስት መድኃኒቷን ብትውጥም ገና አልለቀቃትም። ውሻው ገና እየጮኸ ነው። ያ ድምፅ እጎጆዋ በር ላይ ቆሞ ስሟን ከጠራ፣ ሻንጣው ከአልጋው ስር መውጣቱ ነው፣ እኔም ቡሌ ሆራ የምትባል ከተማ ስትጠራ በሰማሁ ቁጥር ማልቀሴ ነው። ጋቢውን ወረወርኩ። ከአልጋው ወረድኩ። ሁለቱም ጉልበቶቼ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ያን ቀን አላመሙኝም። ከዘነቡ ቀድሜ በሩ ላይ እንደ ኳስ በረኛ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

"ማንም አይወጣም። እኔን ምንም አላመመኝም። ያመማት እሷን ነው። እናንተ ስትመጡ ስለሚብስባት እኔ ታመምኩላት።"

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነት ስትነገር እንዲህ ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ከቸርች እህቶች አንዷ እጇን አነሳች። ተነሳች፣ ሞታ የነበረች ተነሳች አለች። ሌሎቹ ሃሌ ሉያ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ደምሴ ደግሞ፣ አክስቴ ትቃዣለች፣ ልቧ ወደ ራሷ ወጥቷል፣ ያዟት ይላል። አንዱ ወገን ሊያስተኛኝ ይጎትተኛል፣ አንዱ ወገን ስለቆምኩ ያመሰግናል። እኔ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ፣ ተአምሩን በሹክሹክታ፣ እባካችሁ በሹክሹክታ እላለሁ። እና ታምናላችሁ? በሹክሹክታ አመሰገኑ። በዲላ ታሪክ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ያለ እምነት እንዳይመስላችሁ፣ እንባቸው ይወርዳል።

ዘነቡ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። እጇ የበሩ መቀርቀሪያ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤

"ግማሹን ነው የሚያማት?"

"ግማሹን።"

"በየት በኩል?"

"በግራ።"

"የኔ በቀኝ ነው" አለችኝ።

እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው አለችኝ። ሸዋ እያለች፣ ዲላ መጥታ፣ ስትወልድ፣ ሱቅ ስትከፍት። ተኝታ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። መች ተኝታ። ብተኛ ሰው ይመጣብኛል አለችኝ፤ ያውም እንደኔ ያለች ሴት ትመጣብኛለች። እስቲ አስቡት፣ ለካ በዲላ ከኛ በላይ ዘነቡን የምትፈራት ራሷ ዘነቡ ናት። ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር ስላት አፍራ ነገረችኝ። ሲጀምራት ነጠላዋን አጣፍታ የታመመ ሰው ፈልጋ ትሄዳለች። የታመመ ሰው ቤት የተቀመጠችን ሴት ማንም ስኳር ስጪኝ አይላትም፣ ምሳ አድርሺ አይላትም። ታርፋለች። ለዚህ ነው ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉ በኋላ የምትሄደው። ድምፅሽስ አልኳት። ራሴ ውስጥ ከበሮው ሲመታ የራሴ ድምፅ አይሰማኝም፣ እሱን ልበልጠው ነው የምጮኸው አለችኝ።

ዛሬስ ጀምሮሻል ወይ አልኳት። ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ ጀምሯታል። እጇን ይዤ በጓሮ በር አወጣኋት። ጎጆዬን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ትግስት ወደ ግድግዳው ተጠጋችላት። ሁለቱ፣ አንዷ በግራዋ ታማ ሌላዋ በቀኟ፣ አንድ አልጋ ላይ እንደ አንድ ሙሉ ራስ ተኙ። በሩን ገጠም አድርጌ ወደ ትልቁ ቤት ተመለስኩና ትግስት አልጋ ላይ ወጣሁ። ደምሴ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ተቀመጥ አልኩት፤ ብዙ ሰው ስላለ ልታመም ነው።

ሲመሽ ትግስት ሻንጣዋን ከአልጋው ስር አውጥታ ፈታችው። ልብሶቿን አንድ በአንድ ቁምሳጥን ውስጥ ደረደረች። ባዶውን ሻንጣ ያን ማታ ከጉዞ ለገባው ለታሪኩ ሰጠችው፣ ለመንገድ ይሁንህ ብላ። እኔ ምንም አላልኩም። እኔ። አስቡት።

ነገሩ ሁሉ በሁለተኛው ቀን ገበያው ውስጥ ተሰማ፤ ዘነቡ ተሽሏት ነበራ። የማይግሬኑን፣ የጨለማውን፣ የመድኃኒቱን፣ አንዱንም አላስቀረች። ሰዉ ገባው። ገባው ግን ምን ያድርግ? ታማሚ ሳይጠየቅ ይደር? እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ትግስትን ወይም ዘነቡን ሲያማቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ጤነኛ መሆኔን እያወቁ ከአልጋዬ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እግዜር ይማርልሽ ይሉኛል፣ አሜን እላለሁ። እንዴት አደረች ይሉኛል፣ ትንሽ ቀለል ብሏታል እላለሁ። እፎይ ብለው ይሄዳሉ። በቀደም አንድ ሰው ከኢዲዶ ድረስ መጥቶ፣ እማማ ሚስቴንም እንዲሁ ያማታልና ኢዲዶ መጥተሽ ትተኚልን ይሆን ብሎ ለምኖኛል። እኔ በበኩሌ አልጋ መለወጥ አይስማማኝም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት እኔን ጉንፋን ያዘኝ። የውነቱን። አጥንቴ ድረስ ገብቶ አንቀጠቀጠኝ። ተኛሁና ጠበቅሁ። ማንም የለም። ትግስትን ስጠይቃት፣ እማዬ ታማለች ብላ ለሰው ሁሉ ተናግራ ነበር። ግን ሰዉ ገበያው ዳር ሲያልፍ እሷን መኪናዋ ላይ ደህና ሆና ስትሰፋ ያያታል። ትግስት ደህና ከሆነች በላይነሽ፣ እኔ ማለት ነው፣ ምን ትሆናለች ይላል። ዘነቡም ሱቋ ውስጥ ቆማ ትታያለች። ስለዚህ እኔ ልታመም የምችልበት ምንም ምክንያት የለም። ወጥቼ የግቢው በር ላይ ተደግፌ ሳልኩ። የሚያልፉት ቆመው ሰሙኝ። አንዷ ለጓደኛዋ፣ አቤት ችሎታ አለቻት።

ተመልሼ ተኛሁ። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ጨለማ ነው። ሽታ የለም። ሰው የለም። እነትግስት ይህን መድኃኒት ነው ይላሉ፣ ለነሱ ይሆን ይሆናል። እኔን ግን ዝምታው ከጉንፋኑ ባሰብኝ። ከቀትር በኋላ አልቻልኩም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እያነጠስኩ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ዘነቡ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ስታየኝ ደነገጠች። ዛሬ እኮ ደህና ነኝ፣ ለምን ልትጠይቂኝ መጣሽ አለችኝ።

ልጠይቅሽ አልመጣሁም አልኳት። እንድትጠይቂኝ ነው የመጣሁት።